ማስጠንቀቂያው የጠየቀው ሌላ፣ የተመለሰለት ሌላ

በሲና በሲ ፕላስ ፕላስ የሚሠሩ የአዲስ አበባ ፕሮግራመሮች ሰሞኑን የሚቀባበሉት አንድ ጽሑፍ አለ። የሚያወራው ኮምፓይለር፣ ማለትም የጻፍነውን ኮድ ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይረው ፕሮግራም፣ «ይህ ቫሪያብል (ዋጋ የሚይዝ ስም) ጥቅም ላይ አልዋለም» እያለ ስለሚያወጣው ማስጠንቀቂያ ነው። የጸሐፊው አቋም ግልጽ ነው፤ ማስጠንቀቂያው ጫጫታ ስለሆነ ሜክፋይል (የግንባታ ትእዛዞች ፋይል) ውስጥ አንድ ፍላግ (ለኮምፓይለሩ የሚሰጥ አማራጭ) ጨምሮ አፉን መዝጋትና ወደ ሥራ መመለስ ይሻላል ይላሉ። ለዚህም ስድስት ነጥብ ያቀርባሉ። ከስድስቱ አንዱን ያለ ክርክር እንቀበላለን፤ ሁለቱ ግማሽ እውነት አላቸው፤ የቀሩት ሦስቱ ግን ውሃ አይቋጥሩም።

ውሃ ካነሳን ምሳሌያችንም ከዚያው ይሁን። አራት ኪሎ ወይም ሜክሲኮ አካባቢ፣ የመስመር ውሃ በፈረቃ የሚመጣለት ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ አስቡ። ምድር ላይ አንድ ሮቶ፣ ጣሪያ ላይ ሌላ ሮቶ አለው። ውሃ ሲመጣ የታችኛው ይሞላል፤ ከዚያ ፓምፕ ወደ ላይ ይገፋዋል። የሁለቱን ሮቶ ከፍታ እያነበበ ፓምፑን የሚያበራና የሚያጠፋው በሲ የተጻፈ ፕሮግራም የተጫነበት ትንሽ ማይክሮኮንትሮለር ነው።

በምሳሌዎቹ ውስጥ ስሞቹን በአማርኛ፣ የቋንቋውን ቁልፍ ቃላት ደግሞ በድምፃቸው ጽፈናል። የፍላጎቹንም ስም ከፊት ያለውን ሰረዝና ደብልዩ ትተን እንጠራቸዋለን፤ «ኦል» የተለመዱትን ማስጠንቀቂያዎች፣ «ኤክስትራ» ተጨማሪዎቹን ያበራል፤ «ኤረር» ማስጠንቀቂያን ወደ ስህተት ያሳድጋል፤ «ኖ» የሚቀድመው ደግሞ የሚያጠፋ ነው። የቫሪያብልን ስም በፊደላችን መጻፍ ግን ለጽሑፍ ማሳመሪያ ብቻ አይደለም፣ በእውነትም ይሠራል። ጂሲሲ የተባለው ኮምፓይለር ከ10ኛው እትም፣ ማለትም ከ2020 ጀምሮ፣ በዩቲኤፍ-8 የተጻፈ ስም በቀጥታ ይቀበላል። ረስት የተባለው ቋንቋ ከ1.53 (2021) ወዲህ ይቀበላል። ጎ የተባለው ቋንቋም ይቀበላል፤ ነገር ግን አንድ ስም ከፓኬጁ ውጭ እንዲታይ በትልቅ ፊደል መጀመር አለበት ስለሚል፣ ትልቅና ትንሽ የሌለው ፊደላችን እዚያ ላይ ይቸገራል።

አንደኛ፦ ኦፕቲማይዘሩ ስለሚያጠፋው ጉዳት የለውም የሚለው

ኦፕቲማይዘሩ፣ ማለትም ኮዱን የሚያፈጥነው የኮምፓይለሩ ክፍል፣ ማጥፋቱ እውነት ነው። በኦ1ም በኦ2ም (የማፍጠን ደረጃዎች ናቸው፤ ኦ0 ማፍጠን የሌለበት ነው) ሲገነባ፣ ማንም የማያነበው ኢንት (ሙሉ ቁጥር) ከስታክም ከሬጅስተርም ቦታ አይወስድም። ጸሐፊው ከዚህ ተነስተው ታዲያ ኮምፓይለሩን ምን አስጮኸው ይላሉ። ማስጠንቀቂያው ግን ስለ አራት ባይት ተጨንቆ አያውቅም። የሚለው «አንድ ነገር አስልተሃል፣ ውጤቱ ማንም ጋ አልደረሰም፤ ወዴት ልትልከው ነበር?» ነው። ለዚህ ጥያቄ ቫሪያብሉን ማጥፋት መልስ አይሆንም። ይህን ተመልከቱ፦

ኢንት የታች = ከፍታ(1);
ኢንት የላይ = ከፍታ(2);
ኢፍ (የላይ > 15 && የላይ < 90)
    ፓምፕ(1);
ኤልስ
    ፓምፕ(0);

የታሰበው የታችኛው ሮቶ ከ15 በመቶ በላይ ውሃ ካለውና የላይኛው 90 በመቶ ካልደረሰ ፓምፑ እንዲሠራ ነው። መስመሩ ሲገለበጥ አንዱ ስም ሳይቀየር ቀረ። ኮዱ ይገነባል። ጠረጴዛ ላይ ሲሞከር፣ ሁለቱም ሮቶ ግማሽ ድረስ ስላላቸው፣ በትክክል ይሠራል። ፈረቃው አልፎ የታችኛው ሮቶ ሲደርቅ ግን ፓምፑን የሚያቆመው የለም። ውሃ የማይገፋ ፓምፕ የዘንጉን ማሸጊያ የሚያቀዘቅዝለትና የሚያለሰልስለት ስለሌለ ማሸጊያው ይቃጠላል። የላይኛው ከ15 በመቶ በታች ሲወርድ ደግሞ በተቃራኒው ፓምፑ ጨርሶ አይነሳም፤ ውሃ ከሁሉ በላይ በሚፈለግበት ሰዓት ማለት ነው።

ለዚህ ስህተት ያለው ምስክር አንድ ብቻ ነው፤ «የታች» ጥቅም ላይ አልዋለም የሚለው መስመር። ኦፕቲማይዘሩ በበኩሉ ከፍታ(1) የሚለውን ጥሪ ይተወዋል፣ ምክንያቱም ፈንክሽኑ ሌላ ሥራ ሊኖረው ይችላል፤ ውጤቱን ግን ድምፁን ሳያሰማ ይጥለዋል። ስለዚህ ዝምተኛው ኦፕቲማይዘር ለስህተቱ ሽፋን ሆነ እንጂ መፍትሔ አልሆነም።

በነገራችን ላይ ሁለቱን መልእክቶች መለየት ይጠቅማል። ቫሪያብሉ ሲታወጅ እዚያው ከተሞላ ጂሲሲ የሚያወጣው «አንዩዝድ-ቫሪያብል» ነው። መጀመሪያ ታውጆ በሌላ መስመር ከተሞላ ደግሞ «አንዩዝድ-ባት-ሴት-ቫሪያብል» ይሆናል። ሁለቱም «ኦል» ውስጥ አሉ። ሁለተኛው በጂሲሲ 4.6 (2011) ነው የገባው፤ ክላንግ የተባለው ሌላው ኮምፓይለር ያገኘው ዘግይቶ በ13ኛው እትም (2021) ነው። በአሮጌ ክላንግ ተገንብቶ ንጹሕ የመሰለ ኮድ በአዲሱ ሲገነባ የሚጮኸው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

የሃርድዌር ሬጅስተር ላይ ነገሩ ይብሳል። በኤስቲኤም32ኤፍ4 ማይክሮኮንትሮለር ቤተሰብ ዩሳርት (መረጃ የሚልክና የሚቀበል ክፍል) ላይ የኦቨርራን (የደረሰው ሳይነበብ ሌላ መጣ የሚል) ምልክት የሚጸዳው መጀመሪያ ኤስአር፣ ቀጥሎ ዲአር የተባሉትን ሬጅስተሮች በማንበብ ነው። የተነበበው ቁጥር አይፈለግም፤ የሚፈለገው ማንበቡ ራሱ ነው። ሰው ይህን ሲጽፍ ጊዜያዊ ቫሪያብል ያውጃል፣ ሁለቱን ተራ በተራ ይሞላበታል፣ ማስጠንቀቂያም ይመጣበታል። ጸሐፊው እዚህ ላይ «ይኸው የውሸት ጩኸት» ሊሉ ይችላሉ። ነገር ግን ሬጅስተሩ ቮላታይል (እያንዳንዱ ንባብ ይፈጸም የሚል ቃል) ተብሎ ካልታወጀ ኦፕቲማይዘሩ ሁለቱንም ንባብ ያወጣቸዋል። በኦ0 ሲገነባ የሠራው ተቀባይ በኦ2 ሲገነባ ከመጀመሪያው ኦቨርራን በኋላ ደንቆሮ ሆኖ ይቀራል። በትክክል ሲጻፍ ጊዜያዊ ቫሪያብል አያስፈልግም፤ ሬጅስተሩ ቮላታይል ከሆነ፦

(ቮይድ)ዩሳርት->ኤስአር;
(ቮይድ)ዩሳርት->ዲአር;

በሲ ይህ ማንበቡን ያስፈጽማል፣ ማስጠንቀቂያም የለውም፤ ለሚያነበው ሰውም «ቁጥሩን አልፈልገውም፣ ንባቡን ግን እፈልገዋለሁ» ይላል።

ኦፕቲማይዘር ሲያጠፋ ማንንም አይጎዳም የሚል ሰው የይለፍ ቃል የያዘ ባፈር (ጊዜያዊ የማስታወሻ ቦታ) ከመለቀቁ በፊት በሜምሴት በዜሮ የሚሞላበትን ኮድም ይመልከት። ከዚያ በኋላ ማንም ስለማያነበው ኮምፓይለሩ ሜምሴቱን ሊሰርዘው መብት አለው፤ ይሰርዘዋልም፣ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ። ጂሊብሲ (በሊነክስ የተለመደው የሲ ላይብረሪ) በ2.25 (2017) ኤክስፕሊሲት-ቢዜሮን የጨመረው፣ ሲ23 የተባለው አዲሱ የሲ ደረጃም ሜምሴት-ኤክስፕሊሲትን ያመጣው ለዚህ ነው።

ሁለተኛ፦ የኮልባክ ፓራሜትሮች

ኮልባክ ሌላ ኮድ እንዲጠራው የሚሰጥ ፈንክሽን ነው፤ ጸሐፊው እሱ የማይጠቀምበት ፓራሜትር (የሚቀበለው ዋጋ) ላይ መጮህ ከንቱ ነው ይላሉ። እዚህ ላይ ልክ ናቸው። ሲግናል ተቀባይ ፈንክሽን ኢንት መቀበል አለበት፣ የፒትሬድ መነሻ ፈንክሽን ቮይድ ፖይንተር መቀበል አለበት፤ ቅርጹን የወሰነው ሌላ ነው፣ የጻፈው ሰው ምርጫ የለውም። «አንዩዝድ-ፓራሜትር»ን ማጥፋት ምንም አያስነውርም፤ ለዚህም ነው ጂሲሲ ራሱ ከ«ኦል» አውጥቶ «ኤክስትራ» ሲጨመር ብቻ የሚያሰማው። በሲ ፕላስ ፕላስ ምንጊዜም፣ በሲ ደግሞ ከሲ23 ጀምሮ፣ የፓራሜትሩን ስም ትቶ ዓይነቱን ብቻ መጻፍ ይቻላል። ወደሚቀጥለው እንለፍ።

ሦስተኛ፦ ዲበግ ሲደረግ (ስህተት ሲፈለግ) ያስቸግራል የሚለው

ጸሐፊው አንድ መስመር ኮሜንት ሲያደርጉ ሦስት ቫሪያብል «ሥራ ፈት» ይሆናል፣ ያንን ለማስተካከል ስትሮጥ የምትፈልገው ባግ ይጠፋሃል ይላሉ። ጎና ዚግ የተባሉትን ቋንቋዎችም በምስክርነት ይጠራሉ። ቅሬታው ተገቢ ነው። ጎ ማስጠንቀቂያ የሚባል ደረጃ ኮምፓይለሩ ውስጥ የለውም፤ ያልተነካ የፈንክሽን ውስጥ ቫሪያብልና ያልተጠቀሙበት ኢምፖርት ሁለቱም ስህተት ናቸው፣ ኮዱ አይገነባም። ዚግም ከ0.9.0 (2021) ጀምሮ እንዲሁ አደረገ። ገና እየሞከረ ያለን ሰው በዚህ ማሰር ከባድ ነው። ሰውም መፍትሔው ቀላል ሆኖ ያገኘዋል፤ «_ = የታች» ብሎ ይጽፍና ያልፋል፣ በኋላ መመለሱን ይረሳል። ጊዜያዊ የነበረው መስመር ስህተቱን የሚሸፍን ቋሚ መጋረጃ ሆኖ ይቀራል።

ነገር ግን ይህ ማስጠንቀቂያን ወደ ስህተት ማሳደግን የሚቃወም ክርክር ነው። ማስጠንቀቂያው እንዳይኖር አይከራከርም። ጸሐፊው ሁለቱን ቀላቅለዋቸዋል። ሲ ላይ ያለን ሰው ሁለቱን የሚለይበት መንገድ አለው፦ በየገንቢው ማሽን ላይ «ኦል»ና «ኤክስትራ» ይብሩ። «ኤረር» የሚያስፈልግ ከሆነም «ኖ-ኤረር=አንዩዝድ-ቫሪያብል» እና «ኖ-ኤረር=አንዩዝድ-ባት-ሴት-ቫሪያብል» ይጨመሩ፤ ሌላው ማስጠንቀቂያ ግንባታውን ሲያቆም እነዚህ ሁለቱ መልእክት ብቻ ሆነው ያልፋሉ። ኮድ ወደ ዋናው ቅርንጫፍ ሲገባ በሚሮጠው ሲአይ (ራስ-ሰር የግንባታ ፍተሻ) ላይ ግን ሁለቱ ልዩ ፈቃዶች ይነሱ። ዲበግ የሚያደርገው ሰው ነፃ ነው፤ መጋረጃው ግን ከእሱ ማሽን አያልፍም።

ለሌላ ሰው በሚሰጥ የምንጭ ኮድ ውስጥ «ኤረር»ን በነባሪነት መተው ደግሞ ሌላ ጥፋት ነው። በ2011 ጂሲሲ 4.6 «አንዩዝድ-ባት-ሴት-ቫሪያብል»ን ወደ «ኦል» ሲያስገባ፣ «ኤረር» የበራባቸው ብዙ ፓኬጆች አንድ ፊደል ሳይቀየርባቸው መገንባት አቆሙ። የሚቀጥለውን ኮምፓይለር ማንም አያውቀውም።

አራተኛ፦ አሰርትና ኢፍዴፍ የሚያመጡት የውሸት ማስጠንቀቂያ

አሰርት «ይህ እውነት መሆን አለበት» ብሎ የሚፈትሽ መስመር ነው፤ ኢፍዴፍ ከግንባታው በፊት የኮድ ክፍልን የሚያስገባ ወይም የሚያስቀር ትእዛዝ ነው። ይህም ነጥብ ግማሽ እውነት አለው። የታወቀው ምሳሌ፦

ኢንት ር = ፓምፕ(0);
አሰርት(ር == 0);

በዲበግ ግንባታ ችግር የለም። ኤንዲበግ የሚባለው ምልክት ሲታወጅ ግን አሰርቱ ወደ ባዶ ይለወጣል፣ «ር» የሚያነበው ያጣል፣ ማስጠንቀቂያው ይመጣል። ሲሜክ የተባለው የግንባታ መሣሪያ የሪሊስ (ለተጠቃሚ የሚወጣው) ግንባታ ላይ ኤንዲበግን በራሱ ስለሚጨምር ብዙ ሰው ይህን የሚያየው ምርቱ ሊወጣ ሲል ነው። ቸኩሎ ሲያስተካክልም ሁለቱን መስመር አንድ ያደርጋቸዋል፦

አሰርት(ፓምፕ(0) == 0);

ማስጠንቀቂያው ጠፋ። ፓምፑን የሚያጠፋው ጥሪም አብሮ ጠፋ፤ በሪሊስ ግንባታ ላይ ፓምፑ አይቆምም። ማስጠንቀቂያን ለማስታገስ ከሚደረጉ ነገሮች ሁሉ የከፋው ይህ ነው፣ ምክንያቱም በዲበግ ሲሞከር ሁልጊዜ ትክክል ሆኖ ይታያል።

ጸሐፊው ግን «ስለዚህ እናጥፋው» ብለው ይደመድማሉ። ከዚያ በፊት አንድ ጥያቄ አለ። ፓምፑን አጥፋ ተብሎ የታዘዘ ፈንክሽን ቢከሽፍ በሪሊስ ላይ ምን ይደረጋል? አሰርት የፕሮግራመርን ስህተት ለመያዝ እንጂ የሪሌይን ብልሽት ለመያዝ አልተሠራም። እዚህ የሚያስፈልገው ኢፍ ነው። ይህን ስናስተካክል ማስጠንቀቂያው በራሱ ይሄዳል፤ ግማሹ የውሸት ማስጠንቀቂያ ተብዬ ሲመረመር እንዲህ ሆኖ ነው የሚገኘው።

በእውነት ለአሰርት ብቻ የሚያስፈልግ ቫሪያብል ሲኖር ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው አዋጁ ላይ [[ሜይቢ_አንዩዝድ]] መጻፍ ነው፤ በሲ ፕላስ ፕላስ ከ2017ቱ ደረጃ፣ በሲ ከሲ23 ጀምሮ ይሠራል፤ ጂሲሲ 15 (2025) ሲ23ን ነባሪ አድርጎታል። ለአሮጌ ኮምፓይለር የጂሲሲው አትሪብዩት-አንዩዝድ ያንኑ ይሠራል። ሁለተኛው የራስን አሰርት ማክሮ መሥራት ነው፦ በሪሊስ ጊዜ ወደ ባዶ ከሚለወጥ ወደ «(ቮይድ)(0 && (ሁኔታው))» ይለወጥ። ዜሮው ስለሚቀድም ሁኔታው በጭራሽ አይሰላም፤ ኮምፓይለሩ ግን ስሞቹን ያያቸዋል፣ የተሳሳተ ስም ቢኖርም ይይዘዋል።

የኢፍዴፉም መድኃኒት ተመሳሳይ ነው። አንዱ ቅርንጫፍ ብቻ የሚጠቀምበት ቫሪያብል ካለ ኢፍዴፉን ትቶ በቋሚ የሚወሰን ተራ ኢፍ መጻፍ፤ ኮምፓይለሩ ሁለቱንም ቅርንጫፍ ያነባል፣ የማይሠራውን ያወጣዋል።

አምስተኛ፦ የሊነክስ ከርነል እንኳ አጥፍቶታል የሚለው

እዚህ ላይ ጸሐፊው የሰሙትን ሳያጣሩ አቅርበዋል። ከርነሉ (የሊነክስ እምብርት) በተለመደው ግንባታ ለዓመታት ያጠፋው «አንዩዝድ-ባት-ሴት-ቫሪያብል»ን ነው፤ እሱም ሜክ ሲጠራ «ደብልዩ=1» ከተሰጠው ይመለሳል። «አንዩዝድ-ቫሪያብል» ግን እንደበራ ነው። በመስከረም 2021 የሊነክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ ለ5.15 እትም «ኤረር»ን ነባሪ እስከማድረግ ደርሶ ነበር፤ ብዙ ግንባታ ስለሰበረ ወዲያው ለኮምፓይል ሙከራ ግንባታዎች ብቻ ነባሪ እንዲሆን ተደረገ። ማስጠንቀቂያን የናቀ ፕሮጀክት እንዲህ አያደርግም።

የከርነሉን የአጻጻፍ መመሪያ የሚያነብ ሰው ደግሞ የጸሐፊውን ምክር ተቃራኒ ያገኛል። አንድ ፈንክሽን ወይም ቫሪያብል በአንዳንድ ኮንፊግ ሥራ ሊያጣ የሚችል ከሆነ በኢፍዴፍ ከመክበብ ይልቅ ሜይቢ-አንዩዝድ የሚል ምልክት ይደረግበት፤ ሁልጊዜ ሥራ ፈት ከሆነ ይሰረዝ፤ ከተቻለ ኢዝ-ኢኔብልድ የሚባለው ማክሮ በተራ ኢፍ ውስጥ ይግባ ይላል። ዝምታው የሚጻፈው ጉዳዩ ባለበት መስመር ላይ ነው።

ስድስተኛ፦ «ኖ-አንዩዝድ» ጨምሩና ተገላገሉ የሚለው ምክር

ጸሐፊው ይህ ፍላግ ምን ምን እንደሚያጠፋ አልነገሩንም። ቫሪያብል ብቻ አይደለም። ቤተሰቡን በሙሉ ነው የሚያስወጣው፤ ሥራ ያጣ ፈንክሽን፣ ሥራ ያጣ ሌብል፣ ውጤቱ የተጣለ ስሌት፣ ሁሉንም። ሁለቱን እንይ።

«የፓምፕ_ሁኔታ == 0;» ብሎ በአንድ እኩል ምልክት ፈንታ ሁለት የጻፈ ሰው የሚደርስለት «አንዩዝድ-ቫልዩ» ነው፤ ዐረፍተ ነገሩ ምንም አያደርግም ይለዋል። ፍላጉ ከተጨመረ ማነጻጸሩ ተሰልቶ ይጣላል፣ ሁኔታው እንደነበረ ይቀራል፣ ማንም ምንም አይሰማም።

ሁለተኛው ስታቲክ ፈንክሽን ነው። የታችኛው ሮቶ ሲደርቅ እንዲጠራ «ደረቀ» የሚል ፈንክሽን ተጽፎ፣ ለሴንሰሩ ላይብረሪ ማስመዝገቡ ቢረሳ፣ ስታቲክ ስለሆነ ኮምፓይለሩ ከዚህ ፋይል ውጭ የሚጠራው እንደሌለ ያውቃል፤ «አንዩዝድ-ፈንክሽን» ይላል። የደህንነት ኮድ ተጽፎ አለመገናኘቱን ከመስክ በፊት የሚነግር ርካሽ መሣሪያ ይኸው ነው። እንግዲህ ጸሐፊው ጫጫታ ለማጥፋት ብለው ይህንንም ጆሮ ዳባ ልበስ እንድንል እየመከሩን ነው።

ፍላጉን ለማይወዱ ያቀረቡት አማራጭ ሁሉንም በ(ቮይድ) መሸፈን ነው። ይህ ልማድ ወዴት እንደሚወስድ ፋይል ላይ በሚጽፈው ራይት በተባለ ፈንክሽን ማየት ይቻላል። ጂሊብሲ የፎርቲፋይ ጥበቃ ሲበራ ራይትን «ውጤቱ መታየት አለበት» ብሎ ምልክት ያደርግበታል፤ የኡቡንቱ ጂሲሲ ከኦፕቲማይዜሽን ጋር ይህን ጥበቃ በራሱ ያበራዋል። አንድ ሰው የፓምፑን መዝገብ ፋይል ላይ ሲጽፍ የራይትን መልስ ካላየ «አንዩዝድ-ሪዛልት» ይመጣበታል። (ቮይድ) ያስቀድምበታል፤ ክላንግ ይሰማዋል፣ ጂሲሲ አይሰማውም። ውጤቱን «ር» ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ አሁን «አንዩዝድ-ቫሪያብል» ይመጣል። ከዚያ «(ቮይድ)ር;» ይላል፣ ዝም ይላል። አራት ጊዜ ኮምፓይል ተደረገ። ዲስኩ ቢሞላና ራይት -1 ቢመልስ፣ ወይም ከተጠየቀው ባይት ግማሹን ብቻ ቢጽፍ፣ አሁንም የሚያውቅ የለም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይህ ነው። አራቱን ዙር የፈጀበት ሰው በዚያው ጊዜ «ር» ከተጠየቀው የባይት ቁጥር ጋር እኩል ሳይሆን ሲቀር አንድ ቆጣሪ የሚጨምር ሦስት መስመር ፈንክሽን ጽፎ በሁሉም ቦታ ሊጠቀምበት ይችል ነበር።

በሌሎች ቋንቋዎች ደግሞ ማስታገሻው የፕሮግራሙን ትርጉም ሊቀይር ይችላል። ረስት ውስጥ የማይጠቀሙበትን ስም በ«_» ማስጀመር ማስጠንቀቂያውን ያጠፋል። «_ጠባቂ» የተባለው የሎክ (በአንድ ጊዜ አንድ ብቻ የሚያስገባ ቁልፍ) ጠባቂ እስከ ብሎኩ መጨረሻ ይቆያል፤ ስሙ «_» ብቻ ከሆነ ግን ጠባቂው እዚያው መስመር ላይ ይለቀቃል፣ ቀጥሎ ያለው ኮድ ያለ ሎክ ይሮጣል (አዲሱ ኮምፓይለር የስታንዳርድ ላይብረሪው ሎክ ሲሆን ይህን ስህተት ብሎ ያስቆመዋል)። የአንድ ስም ልዩነት ነው። በሲ ፕላስ ፕላስ ዘመዱ ይህ ነው፦

ስቲዲ::ዩኒክ_ሎክ<ስቲዲ::ሚውቴክስ>(በር);

የክላሱ አባል የሆነውን «በር»ን የሚቆልፍ ይመስላል። ቋንቋው የሚያነበው ግን «በር» የሚባል አዲስ፣ ምንም የማይቆልፍ ዩኒክ-ሎክ ማወጅ አድርጎ ነው። ጂሲሲ ኮንስትራክተርና ዲስትራክተር ያለውን ዓይነት ሥራ ፈት ስለማይለው «አንዩዝድ-ቫሪያብል» እዚህ ዝም ይላል። የሚይዙት ሌሎች ናቸው፤ በአዳዲስ ጂሲሲ «ኦል» ውስጥ ያለው «ፓረንቴሲስ»፣ በተናጠል ሲጨመር ደግሞ «ሻዶው»።

ጫጫታው የእውነት ሲሆንስ? አብዛኛውን ጊዜ ምንጩ የሌላ ሰው ኮድ ነው። የሦስተኛ ወገን ላይብረሪን ሄደር በ«አይ» ፈንታ በ«አይሲስተም» ማስገባት ከዚያ ሄደር የሚመጣውን ማስጠንቀቂያ ያስቀራል፤ የራሳችን ኮድ እንደበራ ይቆያል። በረስት የግንባታ መሣሪያው ካርጎ ለዲፔንደንሲዎች (ከሌላ ለሚመጡ ላይብረሪዎች) ይህን በራሱ ያደርጋል። አሮጌ ፕሮጀክት ላይ ሦስት ሺህ መስመር ማስጠንቀቂያ ያየ ሰው ደግሞ ከመደንገጡ በፊት ውጤቱን በሶርት አሳልፎ ድግግሞሹን ያውጣ፤ አንድ ሄደር ውስጥ ያለ አንድ ቫሪያብል ሄደሩን በሚጠራ ፋይል ቁጥር ልክ ይደጋገማል። የቀረውን ሲያስተካክል ከ«ባት-ሴት» ይጀምር። የፈንክሽን መልስ ተቀብለው ያላዩ መስመሮች የሚበዙት እዚያ ነው።

ጽሑፉ ያላነሳው

ጸሐፊው ማስጠንቀቂያው አብዝቶ ይናገራል ብለው ተማረሩ። የእኛ ቅሬታ ዝም ይላል የሚል ነው፦

ር = ቫልቭ(ክፈት);
ር = ፓምፕ(1);
ኢፍ (ር < 0)
    ሪተርን ር;

ቫልቩ ሳይከፈት ቢቀር መልሱ በፓምፑ መልስ ይደመሰሳል፤ ፓምፑ በተዘጋ ቫልቭ ላይ ይገፋል። ጂሲሲ በ«ኦል»ም በ«ኤክስትራ»ም ምንም አይልም፤ «ር» አንድ ቦታ ተነብቧልና ሥራ ፈት አይደለም። ሥራ ፈት የሆነው የመጀመሪያው መልስ ነው። ያ ሁሉ ጥብቅነት ያለው ጎም ይህን ያሳልፈዋል፤ ስህተት የያዘው ቫሪያብል ሁለት ጊዜ ተሞልቶ አንድ ጊዜ ቢነበብ ኮምፓይለሩ ይረካል፣ የሚይዘው ስታቲክቼክ ወይም ኢንኤፍአሳይን የሚባል ሌላ መሣሪያ ነው። ረስት ብቻ ከነባሪው «የተሞላው አልተነበበም» ብሎ ይናገራል።

ለሲ የሚያገለግሉት የክላንግ ስታቲክ አናላይዘር ዴድስቶርስ የሚባለው ፍተሻና ሲፒፒቼክ ስታይል ሲበራለት ናቸው። ፕሮጀክቱ በተለመደው ሜክ የሚገነባ ከሆነ ስካን-ቢልድን ከሜክ ፊት ማስቀደም ይበቃል። በአርም ክሮስ-ኮምፓይለር ለሚገነባ ኮድ ቤር የሚባለውን መሣሪያ አስቀድሞ የግንባታ ትእዛዞቹን በፋይል ማስመዝገብ፣ ከዚያ ክላንግ-ታይዲን በዚያ ፋይል ላይ ማስኬድ ይቀላል። ዴድስቶርስ «ኢንት ር = 0;» ተብሎ ለጥንቃቄ የተሞላን ቋሚ ሆን ብሎ ያልፈዋል፤ ስለዚህ ውጤቱ ያን ያህል አይንዛዛም። ይህን ዜሮ ግን ሌላ ማስጠንቀቂያ ለማስታገስ ብቻ የሚጽፉት ይጠንቀቁ፤ በአንዱ መንገድ ሳይሞላ የቀረ ቫሪያብል «ተሳክቷል» የሚል ዜሮ ይዞ ይመለሳል።

መሣሪያ መጨመር የማይቻልበት ቦታ፣ አሮጌ የፋብሪካ ኮምፓይለር ብቻ ያለበት ለምሳሌ፣ አንድ «ር» ለሁሉም ጥሪ ማዋልን መተው ነው። «ኢንት የቫልቭ_መልስ» እና «ኢንት የፓምፕ_መልስ» ተብለው እያንዳንዳቸው በተጠሩበት መስመር ይታወጁ። ያኔ የቫልቩ መልስ ሳይታይ ከቀረ፣ ጸሐፊው ሊያጠፉት የፈለጉት ያው ተራው «አንዩዝድ-ቫሪያብል» በስሙ ይጠራዋል።